እኔ ሐሙስ ዕለት ከአሊ ጋር

የአማርኛ መምህር ነኝ። ይህን የምነግራችሁ እንድታከብሩኝ ሳይሆን ጥፋቱ ከየት እንደጀመረ እንድታውቁልኝ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ ሰዋስው ሳስተምር ዘጠኝ ዓመት አልፎኝ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ዓረፍተ ነገር ሙሉ ሐሳብ የሚያስተላልፍ የቃላት ስብስብ ነው» ብዬ ሳልጽፍ ያለፈ መስከረም የለም። ተማሪዎቼን ከእንቅልፋቸው ብትቀሰቅሷቸው ይህቺን ሳይሳሳቱ ይወጧታል። ከመካከላቸው ሙሉ ሐሳብ ያለው አጋጥሞኛል ብዬ ግን አልዋሽም። መምህራቸውም እንደሌለው የታወቀው ኋላ ነው።

ሰው ሲናገር ማረም እወዳለሁ። ሻይ ቤት አርማለሁ፣ ሰርግ ቤት አርማለሁ፣ ለቅሶ ቤት ሙሾ የሚያወጡትን ሴትዮ አርሜ በሽማግሌ ይቅርታ ጠይቄ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ቀበሌው በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ፣ ከአሥር አራት ሰጥቼው ወደ ቤቴ ገብቻለሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን የሚቀበለኝ በግማሽ ነው።

ነገሩ የሆነው ሞባይል ገና አቀስታን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ባልደረሰበት ጊዜ ነው። ያኔ በአካባቢያችን ጂዳ ወይም ሪያድ ልጅ የሌለው ቤት መፈለግ ያደክም ነበር። ልጆቹ የሚደውሉት ከተማችን ውስጥ ወዳለው አንድ ስልክ ቤት ነው። ስልኩን የምታነሣው ወርቅነሽ የምትባል ኦፕሬተር ነበረች። መልእክቱን በወረቀት ትጽፍና ክብ ማኅተም መትታ ወደዚያ ሰፈር ለሚሄድ ሰው ትሰጣለች። ወርቅነሽ የሰማችውን ብቻ ነው የምትጽፈው። አትጨምርም፣ አትቀንስም። አንዲት እናት «ልጄ ድምፅዋ እንዴት ነበር? አልቅሳለች?» ብለው ቢጠይቋት «አልቅሳለች፤ ልቅሶውን ጻፊልኝ ግን አላለችኝም» ብላ መልሳለች ይባላል።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ጋሽ ይመር ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸው ዘሃራ ጂዳ ሰው ቤት ትሠራለች። ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር ጽሑፍ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ከጋቢያቸው ውስጥ የወርቅነሽን ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። እንዲህ ይላል፦

«ለአባቴ ለይመር። ዘሃራ ነኝ ከጂዳ። ሰላም ነኝ። እኔ ሐሙስ ዕለት ከአሊ ጋር»

ከሥሩ በወርቅነሽ እጅ «መስመር ተቋርጧል» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ማኅተም።

«ቀጥል» አሉኝ ጋሽ ይመር።

«አልቋል።»

«ምኑ ነው ያለቀው?»

«ወረቀቱ።»

«ወረቀቱስ ይለቅ። ከአሊ ጋር ምን?»

እዚህ ላይ ትንሽ ሰዋስው ታገሡኝ። አማርኛችን ማን፣ መቼ፣ ከማን ጋር፣ በምን የሚለውን ሁሉ አንድ በአንድ ደርድሮ ከጨረሰ በኋላ ነው ምን እንደተደረገ የሚናገረው። ግሱ መጨረሻ ላይ ነው። መስመሩ መሐል ላይ ከተቆረጠ ሰውየውም ቀኑም ጓደኛውም በእጃችሁ ይገባሉ፤ ጉዳዩ ግን ባሕር ማዶ ይቀራል።

ይህ በሌላ ስም ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። አሊ ግን የጋሽ ሰይድ ልጅ ነው። እሱም እዚያው ጂዳ ነው ያለው። ጋሽ ሰይድና ጋሽ ይመር ደግሞ ማሳቸው የሚዋሰን ጎረቤታሞች ሆነው ከመሬት ሽግሽጉ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። በሽግሽጉ ቀን የመለኪያውን ገመድ የያዘው ሰው አስነጠሰው፤ ሲያስነጥስ ግማሽ እርምጃ ተንቀሳቀሰ። ጋሽ ይመር ያስነጠሰው ወደ እኔ ማሳ ነው ይላሉ፤ ጋሽ ሰይድ ያስነጠሰውስ ወደ እኔ ነው ይላሉ። ገመድ ያዡ ራሱ ሲጠየቅ ብርድ እንደነበረ ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ጋሽ ሰይድ በዚያች ግማሽ እርምጃ ላይ ባሕር ዛፍ ደረደሩበትና ነገሩ ከዛፉ ጋር አብሮ አደገ።

ስለዚህ ግሱ ከባድ ነበር። «ተጋባሁ» ሊሆን ይችላል። «ተጣላሁ» ሊሆን ይችላል። ጋሽ ይመር እኔ ፊት ቆመው በልባቸው የሚያስቡት ሦስተኛው ግን «ታሰርኩ» የሚለው ነበር። እዚያ አገር ሴት ከባዕድ ወንድ ጋር ስትገኝ ምን እንደሚደርስባት ሁሉም ሰምቷል። መልሶ መደወል የሚባል ነገር የለም። ዘሃራ የምትደውለው ለስልክ የሚሆን ገንዘብ ስታጠራቅም ነው፤ እሱም በሁለት በሦስት ወር አንዴ።

እኔ ምን ማለት ነበረብኝ? «አላውቅም» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ፊደል ተሰርዞ፣ ሁለት ተጨምሮ የማይስተካከል፣ ያለቀለት ዓረፍተ ነገር ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ግን ከአፌ ወጥቶ ስለማያውቅ አልመጣልኝም።

መጀመሪያ ወደ ወርቅነሽ ሄድኩ።

«ከ‹ጋር› በኋላ ጆሮሽ ላይ የቀረ ነገር የለም?»

«‹የ› የሚል ነገር ሰምቻለሁ መሰለኝ» አለች ወርቅነሽ። «እርግጠኛ ስላልሆንኩ አልጻፍኩትም።»

«‹የ›?» አልኩና ሳቅሁባት። «እኔ ብላ የጀመረች ልጅ ግሷ በ‹የ› ሊጀምር አይችልም። ሰዋስው አይፈቅድም።»

«እኔ ሰዋስው አላውቅም። የሰማሁትን ነው የነገርኩህ» አለችኝና ስልኳን አነሣች።

በዚያው ሳምንት እሑድ ጋሽ ይመር ቤት ሰው ተሰበሰበ። ወርቅነሽ ወረቀቱ ላይ ማኅተም ባትመታ ኖሮ ይህን ያህል ሰው አይመጣም ነበር ብዬ አምናለሁ። እኛ አገር ማኅተም ያረፈበት ነገር ጎደሎም ቢሆን ጉዳይ ነው። ጠመኔ ከኪሴ አውጥቼ የበራቸው ሳንቃ ላይ ዓረፍተ ነገሩን ጻፍኩት። ከ«ጋር» በኋላ ባዶ ሳጥን ሣልኩ። ሽማግሌዎቹ ሳጥኑን እንደ ጉድጓድ እየተንጠራሩ አዩት።

«አሁን ይህቺን ‹እኔ› ተመልከቱልኝ» አልኩ። «አማርኛ ውስጥ ‹እኔ› ባይባልም ግሱ ይናገራል። ‹መጣሁ› ካልኩ የመጣሁት እኔ ነኝ። ታዲያ ዘሃራ ለምን ‹እኔ› አለች? ለማጥበቅ። ሰው ‹እኔ› ብሎ የሚያጠብቀው መቼ ነው? የሕይወቱ ጉዳይ ሲሆን።»

የዘሃራ እናት እትዬ አሚናት ጓዳው በር ላይ ቆመው ነበር። «መምህር» አሉኝ፣ «ዕቃ ልካ እንደሆነስ? ወይስ ራሷ እስክትደውል ብንጠብቅ?»

«እትዬ አሚናት፣ ለዕቃ ማን ‹እኔ› ይላል?» አልኳቸው። እንደ ሕፃን ነው ያየኋቸው። አሁን ሳስበው ፊቴን የማስገባበት አጣለሁ፤ ያኔ ግን በራሴ ንግግር እየተደነቅሁ ነበር።

«ታሰርኩስ ብላ እንደሆን?» አሉ ጋሽ ይመር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ከመልእክቷ መጀመሪያ ላይ ‹ሰላም ነኝ› ብላለች። የታሰረ ሰው ሰላም ነኝ አይልም። የተጣላ ሰውም ስልክ ቤት ድረስ ሄዶ አይናገርም። የቀረው አንድ ግስ ነው።» ሳጥኑ ውስጥ በትልልቁ «ተጋባሁ» ብዬ ጻፍኩ።

«መቶ በመቶ?» አሉኝ።

«ሰዋስው ሁልጊዜ መቶ በመቶ ነው።»

ጋሽ ይመር ሳንቃውን ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ፊደሉ እንደማይታያቸው ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ዱላቸውን አንሥተው ወጡ። የወጡት ወደ ጋሽ ሰይድ ቤት ነበር። እኛም ተከተልናቸው። ጋሽ ሰይድ በራቸው ላይ ቆመው ይህን ሁሉ ሰው ሲያዩ ለጠብ የመጣን መስሏቸው ሊገቡ ሲሉ ጋሽ ይመር «አሰላሙ አለይኩም፣ ሰይድ። ልጆቻችን ተጋብተዋል» አሏቸው።

ጋሽ ሰይድ «የኔ አሊ?» አሉ። «የኔ አሊ ያንተን ዘሃራ?» ቀጥለው «ይህን ያህል ልብ ከየት አመጣ?» ብለው መንገዱ መሐል ተቃቀፉ። ሁለት ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አይቼ እኔም ዓይኔን ጠረግሁ። ይህ ሁሉ በአንድ ግስ ነው ብዬ ኮራሁ።

በሳምንቱ ደግሞ ክብሬን ሰማይ ያደረሰ ወሬ መጣ። ከደሴ የመጣ ነጋዴ «አሊ ከጂዳ ገብቷል፣ ቅዳሜ ከነሚስቱ እመጣለሁ ብሏል» አለ። ከነሚስቱ። ሦስት ቀን መሬት አልረገጥኩም። ሰዎች ያላለቀ ነገር ሁሉ ይዘውልኝ ይመጡ ጀመር። አንዱ ከአጅባር የተላከለት፣ ዝናብ ያጠበው ደብዳቤ ይዞ መጣ፤ አንዷ ሟች ባሏ ሳይጨርሰው የሞተውን ኑዛዜ እንድጨርስላት ለመነችኝ። ኑዛዜውን እምቢ ያልኩት ትሕትና ይዞኝ ሳይሆን ጊዜ አጥቼ ነው።

ሊቀመንበሩም ሰማ። ይህ ሰው አነጋገሩ ለየት ያለ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ ግስ አላቸው፣ አድራጊ ግን የላቸውም። ማዳበሪያው ዘግይቷል፣ ድልድዩ ፈርሷል፣ ሕዝቡ ተሰብስቧል፣ ውይይት ተካሂዷል፣ መግባባት ላይ ተደርሷል። ማን አዘገየው ብትሉት እሱም እየተጣራ ነው ይላችኋል። የእርቁን ወሬ እንደሰማ ለወረዳው ሪፖርት ጻፈ፦ «በሁለት አርሶ አደሮች መካከል ለረጅም ጊዜ የቆየው የድንበር ግጭት በልጆቻቸው ጋብቻ በዘላቂነት እንዲፈታ ተደርጓል።» ጋብቻውንም የቀበሌው መዝገብ ላይ አሰፈረው። ሙሽሮቹ በሌሉበት እንዴት ይመዘገባል ያለ አልነበረም። እኔም አላልኩም። አንድ አራሚ ነበረ፤ እሱ በዚያ ሳምንት ሥራ ላይ አልነበረም።

መናኸሪያው አጠገብ ለሚጣለው የሰርግ ዳስ እንጨት ሲፈለግ ጋሽ ሰይድ መጥረቢያ አንሥተው የድንበሩን ባሕር ዛፍ ራሳቸው ቆረጡት። አንድም አላስቀሩም። ጋሽ ይመርም ከሌላኛው ጫፍ ገመዱን ይዘው ይጎትቱላቸው ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት አውቶቡሱ ሲደርስ ሰዉ መናኸሪያውን ሞልቶት ነበር። ሴቶቹ የዘሃራን ስም እየጠሩ ሲዘፍኑ አሊ ወረደ። ከኋላው ሚስቱ ወረደች። ረጅም፣ ቀይ፣ ነፍሰ ጡር፣ አንዳችንም አይተናት የማናውቅ ሴት። ዘፈኑ እመሐሉ ላይ ቆመ።

«ዘሃራ የታለች?» አሉ ጋሽ ይመር፣ የሴትየዋን ፊት ለይተው ስላላዩት ወደ እሷ እየዞሩ።

«ዘሃራማ ጂዳ ናት» አለ አሊ።

«አንተስ?»

«እኔማ ይኸው መጣሁ። ከድጃ ትባላለች ባለቤቴ፤ የሐይቅ ልጅ ናት። ምን ሆናችሁ ነው?»

ከድጃ ሰዉን አየች፣ ዳሱን አየች፣ ከዚያ ባሏን አየችና «ዘሃራ ምንህ ናት?» አለች።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ኋላዬ ዞርኩ፤ ከኋላዬ ግድግዳ ነው። በዚህ መሐል ሊቀመንበሩ ከሕዝቡ ጀርባ ወንበር ላይ ወጥቶ ስለነበር የተባለውን አልሰማም። ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ «ዛሬ የአሊና የዘሃራ ጋብቻ በሕዝባችን ተሳትፎ እውን እንዲሆን ተደርጓል» አለ። ከድጃ ሻንጣዋን አንሥታ ወደ አቀስታ ሊመለስ ሞተሩን ያስነሣ አይሱዙ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። አሊ ተከትሏት ሮጠ። መኪናው ሲነቃነቅ ከላይ ሆኖ ወደ እኛ ጮኸ፦ «የጋሽ ይመርን የዓይን ጠብታ—» የቀረውን ሞተሩ ዋጠው።

እንደገና ግስ የሌለው ዓረፍተ ነገር። በዚህኛው ግን ማንም ምን ይመስልሃል አላለኝም። ወርቅነሽ አጠገቤ ነበረች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «‹የ› ብዬህ ነበር» አለችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ነገሩ ግልጽ የሆነልን ያኔ ነው። ጋሽ ይመር ደሴ ታይተው የታዘዘላቸው ጠብታ እዚያ ስለጠፋ ዘሃራ ከጂዳ እንድትልክላቸው በሰው መልእክት ልከውላት ነበር። መጀመሪያ የአክስቷ ልጅ እኔ እልከዋለሁ ብላ ሳትልክ ቀረች፤ ጋሽ ይመርም ከእሷ ሲጠብቁ ስለነበር ከወረቀቱ ጋር አላያያዙትም። ስለዚህ ዘሃራ «እኔ ሐሙስ ዕለት ከአሊ ጋር የአባቴን የዓይን ጠብታ እልካለሁ» ነበር ያለችው። ያ ያጠበቅሁት «እኔ» የአክስቷን ልጅ ለመንካት የገባ ነበር። እትዬ አሚናት ይህን ሁሉ ሲሰሙ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። የበሩን ሳንቃ በእርጥብ ጨርቅ ያጥቡ ጀመር።

ጠብታው ከሻንጣው ጋር ተመልሶ ደሴ ገብቷል። የጋሽ ይመር ዓይን ደግሞ ባልና ሚስቱ እስኪታረቁ አይጠብቅም። ማምጣት ያለብኝ እኔ ነበርኩ። ሰኞ ትምህርት ቤት አስፈቅጄ ደሴ ወረድኩ፤ ስጠይቅ ሳጠያይቅ የከድጃን ወንድም ቤት አገኘሁ። በሩን የከፈተችው ራሷ ከድጃ ናት።

«ባሌን ያጋባኸው አንተ ነህ?» አለችኝ።

«በሰዋስው ነው» አልኩ።

«እኔ የማውቀው ኒካህ በቃዲ ሲታሰር ነው።»

አላስገባችኝም፤ አላባረረችኝምም። ወንድሞቿንና ጎረቤቶቿን ጠርታ እደጃፉ ላይ እንደቆምኩ ሁሉን ከመጀመሪያው አስወራችኝ። ስለ «እኔ» ማጥበቂያነት ስደርስ አንዱ ወንድሟ ሳቁን መያዝ አቅቶት ግቢ ገባ። አሊ ጥግ ላይ ሆኖ በእያንዳንዱ ቃሌ ነጻ ሲወጣ ይታየኛል። ስጨርስ ከድጃ ጠብታውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ አመጣችና ላዩ ላይ ያለውን ዐረብኛ አንብባ ነገረችኝ። «ጧት፣ ቀትር፣ ማታ፤ አንድ አንድ ጠብታ። ሙሉው ይኸው ነው። ምንም እንዳትጨምርበት» አለችኝ።

ጠብታው ሠራ። ጋሽ ይመር ሰው በመልኩ መለየት ጀመሩ፤ መጀመሪያ የለዩት ደግሞ ባለመታደሌ እኔን ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን አልተጣሉም። ጋሽ ሰይድ «ጠቡ ዛፉ ነበር፤ ዛፉ ደግሞ ዳስ ሆነ። አሁን በምን ልጣላው?» አሉ።

ያልተመለሰው ሪፖርቱ ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄጄ ጋብቻ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ነገርኩት።

«ዞን ደርሷል» አለኝ። «ተሞክሮው እንዲቀመር ተወስኗል።»

«ሁለቱ እኮ አልተጋቡም።»

«በሪፖርቱ መሠረት ተጋብተዋል። ደግሞ ማረም አንተ ጋ ሲሆን ጥሩ ነው አይደል?» ብሎ ከመሳቢያው ያቺን በቀይ ያረምኳትን ማስታወቂያ አውጥቶ አሳየኝ። እንደ ክስ ማስረጃ አስቀምጧት ኖሯል።

ዘሃራ ኮንትራቷ አልቆ በሚቀጥለው ዓመት መጣች። ከስታለች። የሄደችው ስቃ የምትናገር ልጅ ነበረች፤ የመጣችው ድምፅዋን ቀንሳ የምትናገር ሴት ናት። መታወቂያ ለማሳደስ ቀበሌ ብትሄድ «ያገባች» ይላል መዝገቡ። ያላገባች ለመባል ከባሏ ከአሊ የፍቺ ወረቀት አምጪ ተባለች። እትዬ አሚናት ሰው ልከው አስጠሩኝ። «ያጻፍከውን ሄደህ አስፍቅ» አሉኝ። ያን ሁሉ ወር ይዘውት የቆዩት ቃል ይህ ብቻ ነበር።

ቀበሌው ስደርስ ዘሃራ ከሊቀመንበሩ ፊት ለፊት ቆማለች። እኔ በሩ ሥር ቆምኩ።

«ማን ነው ያጋባኝ?» አለችው።

«መዝገቡ ላይ ጋብቻው ሰፍሮ ይገኛል።»

«ማን አሰፈረው?»

«በሪፖርቱ መሠረት ነው የሰፈረው።»

«ሪፖርቱንስ?»

«ተዘጋጅቶ ተልኳል።»

ዘሃራ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። አልጮኸችም። «ሰው ቤት ነው የሠራሁት» አለች። «ብርጭቆ ሲሰበር ‹ተሰበረ› ብል ማዳሜ አትቀበለኝም ነበር። ‹ሰበርኩ› እስክል ድረስ ታቆመኛለች። እኔ ያልሰበርኩትን ስንቱን ሰበርኩ ብያለሁ። እርስዎ የጻፉትን ‹ጻፍኩ› ለማለት ምን ይይዝዎታል?»

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ አየ። ከእኔ እርዳታ ፈልጎ ይሁን ወይም በእኔ ሊያመካኝ አላወቅሁም። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ጸሐፊዋ መተየብ አቆመች። ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሦስት ሴቶችም አንገታቸውን በበሩ አስገቡ።

«ወላሂ፣ እስከ ማታ እቀመጣለሁ» አለች ዘሃራ።

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። «የጻፍኩት…» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ይሰርዙታ» አለች።

ሰረዘው። ጎኑ ላይም ፈረመበት። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ተሰርዟል» ብሎ የሚጽፍ ሰው «ሰርዣለሁ» ብሎ ጻፈ። የፊደል ስሕተት ነበረበት። አላረምኩም።

ውጭ ስንወጣ አብሬያት ጥቂት መንገድ ሄድኩ። ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ጂዳ ሳለች አርብ አርብ የአገራችን ልጆች የሚሰበሰቡበት ቤት ነበር፤ ሌላ የምትሄድበት አልነበራትም። ቤቱ የከድጃ እህት ነው። የእኔ ግስ እዚያ ድረስ ከተሰማ በኋላ በሩን ዘጉባት። ወሬው በስልክ ነበር የሄደው፤ ከድጃ እውነቱን የጻፈችው ደብዳቤ እስኪደርስ ሰባት ወር ሆነ። «ሰባት ወር አማርኛ የተናገርኩት ከራሴ ጋር ነው» አለችኝ።

ቆምኩ። «ዘሃራ፣ እኔ ያን ጊዜ…» ብዬ ጀመርኩ።

እኛ ዘንድ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ራሱ አይጨርስም። ገና ሲጀምር ሌላው «ኧረ ተወው፣ አብሽር፣ አልፏል» ብሎ ይጨርስለታል። በሕይወቴ የጠየቅሁት ይቅርታ ሁሉ እንዲህ ግማሹ ላይ በሰው ደግነት ያለቀ ነው። ይህንንም ጠበቅሁ። ዘሃራ አልጨረሰችልኝም። ወረቀቷን ከቀኝ እጅዋ ወደ ግራ አዛውራ አፍ አፌን ታየኛለች። እንጨት የጫኑ ሁለት አህዮች መሐላችን አለፉ። ካለፉም በኋላ እዚያው ቆማ ትጠብቀኛለች።

«እኔ ያን ጊዜ ሳላውቅ አውቃለሁ ብዬ በደልኩሽ» አልኩ።

«አሁን ሰማሁ» አለችኝ፤ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወደ እናቷ ቤት የሚወስደውን ዳገት ያዘች።